የበላሽ ማን ነው?

ይማርሽ ማንበብ ስትጀምር የዘነቡ እጅ ይቆማል።

ባንችይርጋ ይህን ያስተዋለችው ዛሬ አይደለም፤ ልጇ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ከወልዲያ ከመጣች ጀምሮ ነው። ጎረቤቷ ዘነቡ ከድንጋዩ ካብ ማዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የሠራችውን ገንቦ በጠጠር ስታለሰልስ፣ ሽው ሽው የሚል ድምፅ ይሰማል። ይማርሽ ያን ሽፋኑ የወለቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጣ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ግን ሽውታው ቀጥ ይላል። ልጅቱ ዝም ስትል መልሶ ይቀጥላል። ጆሮ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምን ይሆናል?

"ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ" አለች ባንችይርጋ፣ ምስር ከምትለቅምበት ሰፌድ ቀና ሳትል።

"ጮክ ብዬ ካላነበብሁት አይገባኝም፣ እማ። እንግሊዝኛው የጥንት ነው። እንደ ግዕዝ በይው።"

"ግዕዝ ቢሆንማ ማን ይከስሽ ነበር? አሜሪካ ነው እንጂ።"

"ከሞቱ እኮ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል።"

"የሞተ ሰው አይደል እንዴ የሚያስገድል!"

ይማርሽ ገጹን ገለጠች። እናቷ ይህን ስትል የምታስበው ማንን እንደሆነ ታውቃለች። የባንችይርጋ ወንድም ገብረ ሊባኖስ ደሴ ላይ ከተወሰደ ወዲህ፣ በዚህ ቤት ወረቀት ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። ገብረ ሊባኖስ አንድም ነገር የጻፈ ሰው አልነበረም፤ ከጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ አነበበ እንጂ። ከዚያ ወዲያ ባንችይርጋ አንድ ነገር ገባት፦ ጻፈም አነበበም፣ ሰው ካየው አለቀለት።

እሷ ራሷ ደሴ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተምራለች። ወልደ ሩፋኤልን አግብታ ላሊበላ የመጣችው ፈረንጅ እንደ ንብ በሚጎርፍበት፣ እሱም ቱሪስት እያስጎበኘ ደህና በሚያገኝበት ዘመን ነበር። ፈረንጁ ሲቀር ወልደ ሩፋኤል የአባቱን በሬዎች ይዞ ለበልግ እርሻ ገነተ ማርያም ወረደ፤ እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ባልቴትና ሽማግሌ ሰብስባ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ከሀ እስከ ፐ ማስተማር ማንንም አያስቆጣም ብላ የተቀበለችው ሥራ ነው። ይኸው ደግሞ ልጇ አሜሪካንን ይዛላት መጣች።

መጽሐፉን የሰጣት ሕንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህሯ ነው። ከጥንት አሜሪካውያን ጽሑፍ ተውጣጥቶ የታተመ፣ የድሮ የተማሪ መጽሐፍ ነው። መምህሩ "ጸሐፊው ምን አለ ብላችሁ እንዳትመጡ፤ ስታነቡት እናንተን ምን አላችሁ? እሱን ይዛችሁ ኑ" ብሏቸዋል። ባንችይርጋ ይህን ስትሰማ ወደ ካቡ ዞራ ነው ያየችው። በዚህ ዘመን የሰው ልብ ውስጥ ያለውን የሚጠይቅ መርማሪ ካልሆነ ማን ነው?

"እነዚህ ሰዎች ማንን እንደሚመስሉ ታውቂያለሽ?" አለች ይማርሽ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ደፍታ። "አንችን።"

"እኔን? ምን ሲደረግ!"

"ላም ስትታመም ምልክት ነው ይላሉ። በረዶ ሲጥል ምልክት ነው። ልጅ ሲያስለው፣ ምን አጥፍተን ይሆን፣ እግዜር ምን ሊያመጣብን ይሆን ይላሉ። የሆነውን ሁሉ ወደ ከፋው ነው የሚተረጉሙት።"

"እንግዲያው ብልሆች ናቸዋ።"

"ግማሾቹ በመጀመሪያው ክረምት አለቁ እኮ።"

"አላልሁሽም?" አለች ባንችይርጋ፣ ጠጠሯን ከምስሩ ለይታ እየጣለች።

ይማርሽ ሳቋ አመለጣት። ከካቡ ማዶም የታፈነ ሳቅ የተሰማ መሰላት። ባንችይርጋ እጇን አቆመች። እውነት ሳቅ ነበር? ወይስ ሳል?

"ቤቶች!"

ሰፌዱ ሊገለበጥ ምንም አልቀረው። በሩ ላይ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ አለሜ ቆሟል፤ ጠመንጃው ቁመቱን ሊበልጠው ጥቂት የቀረው፣ ከብልባላ ከመጣ ቆየት ያለ፣ ለጠላ ሲሆን ከማንም ቤት የማያልፍ ሰው ነው። ዛሬ ግን ጠላ አልጠየቀም። ባንችይርጋ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህን ነው።

"ይማርሽ ዛሬ ከምሳ በኋላ ውይይት ክበብ እንድትገኝ ተብሏል። መጽሐፏን ይዛ።"

"ማነው ያለ?"

"ጓድ ጋሻዬ ናቸዋ።"

"ምን አደረገች ልጄ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ ባንችይርጋ? ጥራ አሉኝ፣ ጠራሁ።"

"መጽሐፍ እንዳላት ማን ነገራቸው?"

አለሜ ትከሻውን ሰበቀ። ይማርሽ ፊቷን መጽሐፉ ላይ ደፋች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ፈርታ ነው፣ አለች ባንችይርጋ በልቧ፤ ልጄን አስፈሯት። በዚሁ ቅጽበት ዘነቡ ጭቃ በጭቃ የሆነ እጇን ከካቡ በላይ አንሥታ ብቅ አለች።

"አንተ አለሜ! የእህትህ ገንቦ ደርሷል በላት! ዛሬ ነገ ስትል ሰው እንዳይወስድባት!"

"እነግራታለሁ" አለ አለሜ እየወጣ።

ገንቦ! ባንችይርጋ ምስሩን ትታ ተነሣች። ገንቦ የሚሉት ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ዘነቡ የሐራ ሰው ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከቆላ ወጥታ እዚህ የተቀመጠች ብቸኛ ሴት። በየገበያው ሸክላዋን በአህያ ጭና ብልባላ ትሄዳለች፣ እዚያው አድራ ትመለሳለች። ብልባላ መንገድ ላይ ደግሞ ጫካ የገቡት ልጆች ታዩ ይባላል። እነሱም አያስቀሯት፣ የቀበሌዎቹም አይጠይቋት። ከሁለቱም ጋር የተስማማ ሰው ካልሆነ እንዴት ይሆናል? የሰፈሩ ሰው ስለ ዘነቡ የሚያንሾካሹከው ሌላ ነው፤ ሸክላ ሠሪ ናትና ዓይኗን ይፈሩታል፣ ልጆቻቸውን ሲያጠቡ ፊታቸውን ያዞሩባታል። ባንችይርጋ ግን የተማረች ናት። በቡዳ አታምንም። በጆሮ ጠቢ ታምናለች።

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ጋሻዬ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ወንበሩን አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከኮምቦልቻ ተመድቦ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ የላስታ ብርድ ያልተላመደው ወጣት ነው። ሲያያት ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። የሚያከብርህን ካድሬ ሁለት ጊዜ ፍራው፤ እሷ እንዲህ ነው የምትለው።

"ምነው ወይዘሮ ባንችይርጋ፣ በደኅና?"

"ልጄን ጠርታችኋል አሉ።"

"ጠርተናል። ትናገርልናለች።"

"ምን ትናገራለች?"

"ያነበበችውን ነዋ! ሕዝቡ ጋዜጣ ሲነበብለት ይተኛል። ባለፈው እሑድ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል አንኮራፍተው አዳራሹን አሳቁብኝ። የኢምፔሪያሊዝምን መነሻ ከራሱ አፍ የምታሰማን ልጅ ከተገኘች ምን እንፈልጋለን?" ፈገግ አለ።

ባንችይርጋ ፈገግታውን አልወደደችውም። ወንድሟን የወሰዱትም ፈገግ ብለው ነበር፤ "ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ እናቴ" ነበር ያሉት።

"ልጅ ናት እኮ፣ ጓድ ጋሻዬ። ትምህርት ቤት ነው የሰጣት። ወድዳ አይደለም።"

"ወድዳ ብታነበውስ? የጠላትን መጽሐፍ ማወቅ ነው የሚሻለው። ምን ያስፈራዎታል?"

ምን ያስፈራዎታል። ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ምንም ብትል፣ ይህን ስለምን አልሽ ትባላለች፤ ብዙ ብትል ብዙ ይሆንባታል። ያን ጊዜ ነው ሳታስበው፣ ወይም ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ እያሰበችው፣ ቃሉ ከአፏ የወጣው፦

"እናንተ ደግሞ የሚጠየቀውን ትታችሁ ሕፃን ትጠራላችሁ።"

"የሚጠየቀው ማን ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ብልባላ የሚመላለስ ሰው አለ። ሸክላ ጭኖ ሄዶ፣ አድሮ፣ ምን ይዞ እንደሚመለስ ማን ጠይቆ ያውቃል?"

የጋሻዬ ፈገግታ ጠፋ። "ሸክላ ሠሪዋ? ጎረቤትዎ?"

"ስም አልጠራሁም።"

"አልጠሩም" አለ ቀስ ብሎ። "ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ይጠሩታል። ማጋለጥ በሕዝብ ፊት ነው፤ ሹክሹክታ የፊውዳል ነው።"

ስትመለስ ደረቷ ቀለል ብሏት ነበር። አውሬ ወደ ቤትህ ሲመጣ ቆይቶ ወደ ጎረቤትህ በር ሲያዞር የሚሰማው ዓይነት ቅለት። ከዚያ በታች ሌላ ነገር እንደተጎለተ አውቃለች፤ ግን አላየችውም። መጀመሪያ ልጇ ትትረፍ።

ቤቷ ስትደርስ ዘነቡ ካቡን ተሻግራ በሯ ላይ ቆማለች። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባለች፣ የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ራሷን በአዲስ ሻሽ አሥራለች። ይማርሽ ከጀርባዋ ቆማ ሻሹን ታስተካክልላታለች።

"ወዴት ነው?" አለች ባንችይርጋ።

"ስብሰባ ነዋ፣ እታለም! የኛ ልጅ ትናገራለች ሲሉ እኔ እቀራለሁ? ለጋዜጣው ሄጄ አላውቅም፣ ለእሷ ግን እሄዳለሁ።"

"አንችን አልጠሩሽም።"

"መቼ ጠርተውኝ ያውቃሉ?" ዘነቡ ሳቀች። "ያችን በመርከብ የሄደችውን፣ ልጇን ባሕር ላይ የወለደችውን አታስቀሪ፣ ይማርሽዬ። ሰሞኑን ስሰማሽ በሷ ያለቀስሁት! ገንቦው ደርቆብኝ እንደገና አረጠብሁት።"

ባንችይርጋ ልጇን አየቻት። "ለሷ ነው እንዴ የምታነቢው?"

"እንግሊዝኛውን ለራሴ፣ ትርጉሙን ጠዋት አንች ስትወጪ ለእትዬ ዘነቡ" አለች ይማርሽ። ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። "እማ፣ አትቆጪኝም? ጓድ ጋሻዬን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ልናገር ብዬ። ትላንት መንገድ ላይ አግኝቼው።"

"አንች?"

"መምህሬ የተሰማችሁን ለሰው ተናገሩት፣ ሲመልሱላችሁ ያኔ ይገባችኋል ብሎናል። አስቀድሜ ብነግርሽ አትሄጂም ትይኝ ነበራ።"

ባንችይርጋ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የነገረ ሰው የለም። ጆሮ የለም። ያለው ሸክላዋን ትታ የባሕር ላይ ወላድ ታሪክ የምታዳምጥ ሴትና ከእናቷ የተደበቀች ልጅ ነው። እሷስ? እሷ ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ መጥታ ይኸው ተቀምጣለች።

"አንችስ ብትቀሪ ዘነቡ" አለች። "ብርድ ነው አዳራሹ። ወገብሽን ያምሻል።"

"አብሽሪ! ወገቤ ለጭቃ ይጎብጣል እንጂ ለወሬ አይጎብጥም።"

"ሸክላሽን ሰው ቢሰርቀውስ?"

"የኔን ሸክላ? እሱን ማን ይነካል፣ ዓይኔን ፈርቶ!" አለችና ዘነቡ ራሷ ሣቀች።

አዳራሹ ድሮ የባላባት ጎተራ ነበር። ዛሬ ገበሬው በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፣ ካህናቱ ከፊት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባንችይርጋ ከበሩ አጠገብ፣ ከዘነቡ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ለምን እንደራቀች ራሷን አልጠየቀችም። አለሜ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

ይማርሽ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሣች።

"ስለ አሜሪካ ሳስብ ፎቅና መኪና ነበር የሚታየኝ። መጽሐፉን ስከፍተው ያገኘሁት ግን እንደኛ ያለ ሰው ነው። ይጾማሉ፣ ይራባሉ፣ ብርድ ይፈጃቸዋል፣ እግዜርን ይፈራሉ። በመርከብ ባሕር ተሻግረው ሰው አገር ገቡ። የሚበሉት ሲያጡ የአገሩ ባላገር አበላቸው። በቆሎ አዘራራቸው።"

"እርዳታ በሉ በያ!" አለ አንዱ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በስልሳ ስድስት የአሜሪካ ስንዴ ከነጆንያው የተሸከመ ሁሉ ሣቀ፤ ጆንያውን እስከዛሬ የሚተኛበትም አለ።

"በሉ" አለች ይማርሽ፣ ፊቷ ፈታ ብሎ። "ከዚያ መሬቱን ቀሙት።"

"ልክ!" ጋሻዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። "መነሻው ይህ ነው! አጨብጭቡላት!"

ተጨበጨበ። ባንችይርጋ ግን አላጨበጨበችም። ለወንድሟም አጨብጭበውለት ነበር።

"ሳነብ የፈለግሁት ያንን ባላገር ነው" አለች ይማርሽ። "መጽሐፉ ውስጥ ስለሱ ይወራል እንጂ እሱ አንድም ቃል አይናገርም። ደግ ነው ይላሉ፣ አረመኔ ነው ይላሉ። ዛፍ ሥር ቆሞ ቤት ሲሠሩ ሲያያቸው ግን እሱ ምን አለ? ማንም አልጻፈለትም። ገጹን እያገላበጥሁ ብፈልገው የለም። እኔ ደግሞ አሰብሁ፤ ፈረንጅ ላሊበላ መጥቶ ስለኛ ሲጽፍ፣ እኛም እንዲህ ዛፍ ሥር የቆምን ሰዎች ነው የምንሆነው።"

መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ዱላቸውን አነሡ። ዛሬ አልተኙም። "ልጄ፣ ይጾማሉ ብለሻል። ጾማቸው እንዴት ያለ ነው? ዓሣ ይበላሉ?"

"አልጻፉትም፣ የኔታ።"

"ዋናውን ነገር ትተው!" አሉ መሪጌታ፣ ለጎናቸው ሰው። እንደገና ተሳቀ።

የዚያች በመርከብ ላይ የወለደችው ሴት ታሪክ ተነገረ፤ ዘነቡ ሻሿን ዓይኗ ላይ አደረገች። በምርኮ ተወስዳ በበረዶ ውስጥ ከማራኪዎቿ ጋር ስትጓዝ የከረመችው ሴት ታሪክም ተነገረ። ባንችይርጋ ሳትወድ አዳመጠች። ልጇ እንዲህ መናገር የምትችል መሆኗን አታውቅም ነበር። ኩራት ብጤ ሊሰማት ሲል፣ ይማርሽ መጽሐፉን ዘጋችው።

"አንድ ከተማ ነበረ" አለች። "ልጃገረዶች ታመሙ። ይጮሃሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይለፈልፋሉ። ሐኪሙ ምክንያቱን አጣው። ሽማግሌዎቹ ከበው፣ 'የበላሽ ማን ነው?' ብለው ጠየቁ።"

ይህን ጥያቄ የማያውቀው የለም። የተያዘው ሰው ጢስ እየታጠነ፣ ጤናዳም እየተነሰነሰበት፣ ከብበው ያንኑ ነው የሚጠይቁት፤ እሱም ለፍልፎ ለፍልፎ ስም ይጠራል።

"አሜሪካም ቡዳ አለ እንዴ?" አለች ውባንተ የምትባል አፈኛ ሴት።

ሳቁ ሲነሣ ራሶች ሁሉ ወደ አንድ በኩል ዞሩ። ወደ ዘነቡ።

ዘነቡ እጇን አነሣች። "ምን ታዩኛላችሁ? ወላሂ እኔ ባሕር አልተሻገርሁም! እኔ እስከ ብልባላ ነኝ!"

አዳራሹ አንድ ላይ ፈነዳ፤ ውባንተ ራሷ ጭኗን መታች። ያልሣቀ ጋሻዬ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ዞሮ ባንችይርጋን አያት።

"መጀመሪያ የጠሩት ስም የለማኟን ነው" አለች ይማርሽ፣ ሳቁ በርዶ። "ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን የቀረችውን ባልቴት። ቀጥሎ ከሌላ አገር የመጣችውን። የማይወደድ ሰው ሲያልቅባቸው የሚወደደውን ጠሩ። 'አዎ፣ እኔ ነኝ፣ እነ እገሌም አብረውኝ ነበሩ' ያለ ተረፈ። 'አላደረግሁም' ያለ ተሰቀለ። ሳነበው የከበደኝ ሰዎቹ ክፉ አለመሆናቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ፈሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ስም የጠራው የራሱን ልጅ ሊያተርፍ ነው።"

ባንችይርጋ ቀና አለች። ታውቃለች እንዴ? ማን ነገራት? የልጇን ፊት ፈተሸችው፤ ምንም የለበትም። የማታውቅ ልጅ ፊት ነው። ያ ደግሞ የባሰ ነበር።

ጋሻዬ ተነሣ። "ይህ አሁን ስለ ማን ነው?"

"ስለ አሜሪካ ነው፣ ጓድ።"

"ስለ ድሮዋ?"

"ስለ ድሮዋ።"

"በኛ አገር ሰው የሚጋለጠው በልፍለፋ አይደለም፣ በሳይንስ ነው። ይህን ልዩነት ተናግረሻል?"

"አልተናገርሁም" አለች ይማርሽ፤ ድምፅዋ አነሰ።

ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ባንችይርጋ ወደ በሩ አየች፤ አለሜ እዚያው ነው። ይኸው። እንዲህ ነው የሚጀምረው።

"ኋላስ ምን ሆኑ?" አሉ መሪጌታ ድንገት፣ ጥያቄውን ያልሰሙ መስለው። "እነዚያ ከተሜዎቹ?"

"ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጸጸቱ፣ የኔታ። በአገሩ ሁሉ ጾም ታወጀ።"

"ንስሐ ገቡ! ተመስገን!" መሪጌታ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ካህናቱ ተከተሏቸው፤ ገበሬውም ቀጠለ። ይማርሽ በጭብጨባው መሐል ቶሎ ተቀመጠች።

ጋሻዬ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። "መልካም። ይህን ከሷ ጋር ለብቻ እንነጋገርበታለን" አለ። "ብልባላ ሲባል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወይዘሮ ባንችይርጋ፣ ጠዋት የጀመሩልኝን እስቲ ለሕዝቡ ይጨርሱት።"

ተነሣች። ዘነቡ ከወዲያ ሆና ፈገግ ብላ ታያታለች፤ ልጅሽ አኮራችን የሚል ፈገግታ ነው። ባንችይርጋ ሁሉን በአንድ ጊዜ አየችው፤ ይህን ማየት የለመደችው ነው። ከተናገረች ዛሬውኑ ዘነቡን ይወስዷታል፣ ያች ደካማ አህያም ባለቤት አጥታ ካቡ ሥር ትቆማለች። ምንም አላልሁም ካለች ውሸታም ትባላለች፤ የልጅቱ ንግግር እንደገና ይገለባበጣል፣ የገብረ ሊባኖስ ስም ይነሣል። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው አይታያትም። መልካም የሆነ መንገድ ፈለገች፤ የለም።

"ስለ ዘነቡ ነው ያልሁት" አለች።

የዘነቡ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"ብልባላ ትመላለሳለች፣ ምን ይዛ እንደምትመለስ ማን ጠይቋት ያውቃል ብያለሁ። አዎ ብያለሁ። የሚጠይቃት የለም ያልሁት፣ የሚጠየቅ ነገር ስለሌለ ነው። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ።"

"እርስዎ? ብልባላ?"

"እኔ። ሁልጊዜ ባይሆንም እሄዳለሁ። ጨው ይዛ ትመለሳለች፣ በርበሬ ይዛ ትመለሳለች። ሌላ ነገር ከያዘች አብረን ይዘናል ማለት ነው። ስትጠይቋት እኔንም ጠይቁኝ።"

ጋሻዬ አንገቱን ዘንበል አደረገ። "የብልባላ ገበያ መቼ ነው?"

ባንችይርጋ ብልባላን ረግጣ አታውቅም። አፏ ላይ የመጣውን የመጀመሪያውን ቀን ጠራች። "ማክሰኞ።"

አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ ጡቷን አጎረሰችው። ጋሻዬ ወደ በሩ ዞረ።

"አለሜ፣ አንተ የብልባላ ሰው ነህ። ማክሰኞ ነው?"

አለሜ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ጣሪያውን አየ። መሪጌታን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማክሰኞ ነው፣ ጓድ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"የተወለድሁበት አገር!"

"ከጥንትም ማክሰኞ ነው" አሉ መሪጌታ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። "በአባቶቻችንም ጊዜ።"

"ማክሰኞ ነው" አለች ውባንተም ከኋላ።

ጋሻዬ አንድ በአንድ አያቸው። የሚያየው ሰው ሁሉ መልሶ አየው። በመጨረሻ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክሩን አሰማ፤ ሰውም ከወትሮው ይልቅ ጮክ ብሎ ተቀበለውና ወደ በሩ ተጋፋ።

መንገዱ ላይ ይማርሽ ከእኩዮቿ ጋር ወደፊት ሄደች። ባንችይርጋና ዘነቡ ጎን ለጎን ናቸው። ባንችይርጋ የሚመጣውን ስድብ ጠበቀች። ቢመጣ ደስ ባላት። ዘነቡ ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ድረስ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ዝም ብላ ተራመደች። ከዚያ ቆመች።

"ባንችይርጋ።"

"እ?"

"የብልባላ ገበያ ሐሙስ ነው።"

ባንችይርጋ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። አለሜ ያውቃል። መሪጌታ ያውቃሉ። ውባንተ በየሳምንቱ እንቁላል የምትሸጠው እዚያ ነው። በዚያ አዳራሽ ከእሷና ከጋሻዬ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

"አንዱ ይነግረዋል" አለች። "ዛሬ ባይነግረው ነገ ይነግረዋል።"

ዘነቡ አብሽሪ አላለቻትም። "ይሆናል" አለች።

ከኋላቸው የወጣው ሰው እያለፋቸው ሄደ። አንዳንዱ "እንደምን አመሻችሁ" አለ፣ አንዳንዱ አላለም። ባንችይርጋ አለሜን አሰበችው፤ ሚስትና ልጆች አሉት።

"ማክሰኞ እንሂድ" አለች።

"ባዶ ገበያ? ለማን ልሸጥ?"

"ማክሰኞ ወጥተን እንታያለን። የገበያው ቀን እስኪደርስ እዚያው እንቆያለን፤ ሐሙስ ትሸጫለሽ።"

ዘነቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዙራ አየቻት፤ ብዙ አየቻት።

"ሁለት ሌሊት ነው እኮ። የት ታድሪያለሽ?"

"አንች ከምታድሪበት" አለች ባንችይርጋ።